«አሸዋው ፋይን ነው»፦ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለቻይናውያን ባልደረቦቼ ሳስረዳ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሳይታችን በር ላይ ቆሟል። የጥበቃው ጋሼ ጠሩኝና ወጣሁ። ጎማው ላይ ተንጠላጥዬ አንድ እፍኝ ዘገንኩና በመዳፌ አሸት አሸት አደረግሁት። ልክ እንደ አመድ ነው። ጣት ላይ ምንም አይቆረቁርም። ለልስን ቢሆን ይሁን፤ ለኮንክሪት ግን አይሆንም።

ዕቃ የሚረከበው ቻይናዊ ባለሙያ ከግቢው ማዶ ነበር። ስልክ ደወልኩለት። «ሳንድ፣ ሃው?» አለኝ። «ዚስ ሳንድ ኢዝ ፋይን» አልኩት። ደቃቅ ነው፣ አታስገባው ማለቴ ነው። «ሃዎ፣ ሃዎ!» ብሎ ዘጋው። «ሃዎ» በቻይንኛ «ጥሩ፣ እሺ» ማለት ነው። መልእክቴ የደረሰው መስሎኝ ወደ ብረት ሠራተኞቹ ሄድኩ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስመለስ መኪናው አራግፎ ሄዷል። ያራገፈው ባዶ ቦታ ላይ ቢሆን ደግ ነበር። ለወለል ሙሌት ብለን ስንት ቀን ጠብቀን ያስመጣነው ጥሩ አሸዋ ላይ ነው የገለበጠው። ሁለቱ ተደበላልቀዋል። ሾፌሩ ስልክ አያነሳም።

«ዩ ሴይ ፋይን!» አለኝ ባለሙያው ፊቱ ቀልቶ። «የስ፣ አይ ሴይ ፋይን!» አልኩት እኔም። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። የቀን ሠራተኞቹ ዙሪያችንን ቆመው ያዩናል። የዚያን ቀን ሙሌቱ ቀረ። የተደባለቀውን አሸዋ በኋላ በወንፊት እየነፋን ለልስን ጨረስነው።

ይህን የምጽፈው ከቻይናውያን ጋር በእንግሊዝኛ ለምትሠሩ ወይም እንግሊዝኛ ለምታስተምሯቸው ነው። በመንገድ፣ በፋብሪካ፣ በሕንፃ ሥራ ላይ ብዙዎቻችን እዚያ ነን። እንግሊዝኛ ለእኛም ለእነሱም የሰው ቋንቋ ነው። ተገናኝተን የምንሻገርበት ድልድይ እሱ ስለሆነ፣ አንድ ሳንቃ ሲጎድል ሁለታችንም እንወድቃለን።

ማታ ባለሙያው ወደ ክፍሌ መጣ። ተቆጥቶ አልነበረም። ስልኩ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ከፍቶ አሳየኝ። «ፋይን» ሥር መጀመሪያ ላይ «ሃዎ» ተጽፏል። ጣቱን እየገፋ ወደ ታች ሲወርድ፣ ከብዙ መስመር በኋላ «ሺ» የሚል አገኘ። ደቃቅ፣ ቀጭን ማለት ነው። ያቺን አንዲት ፊደል በጣቱ ነካ ነካ እያደረገ ዝም ብሎ ሲያያት ቆየ። ዕድሜው ወደ ስልሳ እየተጠጋ ነው። ሥራውን ከእኔ በላይ ያውቃል። የጎደለው ያቺ መስመር ብቻ ነበረች። «ቲች አስ» አለኝ። እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም።

በማግስቱ ከእራት በኋላ አምስት ሆነው ምግብ ቤት በሆነው ኮንቴይነር ውስጥ ተሰበሰቡ። ሻይ ቀረበ። እኔም ካርቶን ላይ የ«ፋይን»ን ፍቺዎች በተራ ቁጥር ጻፍኩ። ጥሩ። ጤነኛ። ደቃቅ። ቀጭን። ዝናብ የሌለበት ቀን። ረቂቅ። የጠራ። በጥንቃቄ ገለበጡት። ከሳምንት በኋላ ስጠይቃቸው ሰባቱንም በተራቸው፣ አንድ ሳይስቱ በቃላቸው ወጡልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ «ፋይን ሬይን» ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። አምስቱም ባንድ ድምፅ «ጥሩ ዝናብ» አሉ። ካፊያ ማለት ነበር።

ከመካከላቸው ትንሹ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙ ያልቆየ ብየዳ ተቆጣጣሪ፣ ነገሩን አስረዳኝ። አገራቸው ተማሪ ለፈተና ሲዘጋጅ የቃል ዝርዝር ይዞ ይሸመድዳል። በአንድ በኩል እንግሊዝኛው፣ በሌላ በኩል አንድ የቻይንኛ ፍቺ። ቃሉ ሌላ ፍቺ ይዞ ሲመጣባቸው የሚጠሩበት ስም እንኳ አላቸው፦ «ሹ ትስ ፒ ዪ»። የምታውቀው ቃል፣ የማታውቀው ፍቺ እንደማለት ነው። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚጥለው ይሄ ነው አለኝ። የማያውቁትን ቃል ይጠይቃሉ፤ የሚያውቁት የመሰላቸውን ግን ማን ይጠይቃል?

«ፋይን» ደግሞ ለቻይናዊ ከሁሉም ይበልጥ የሚያውቀው ቃል ነው። ልጅ ሳለ ክፍል ውስጥ ባንድ ላይ እየጮኸ የተማረው ነው። «ሃው አር ዩ?» ሲባል «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ፣ ኤንድ ዩ?» ይላል። እኛም እንደዚያው ነው የተማርነው። እንግዲህ ከልጅነት ጀምሮ «ደህና» ብሎ የያዘውን ቃል፣ በጎልማሳነቱ አሸዋ ላይ ሲያገኘው ምን ሌላ ሊመስለው ይችላል?

ካርቶኑን ጣልኩት። ነገሩን የቀየረው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ምሽት የሆነው ነው።

ብርድ ስለነበር ጋቢ ለብሼ ገባሁ። ቡና የምታፈላልን እህታችን ደግሞ ነጠላዋን እንደለበሰች ጀበናውን ይዛ መጣች። አስፈቀድኳትና የነጠላዋን ጫፍ ከጋቢዬ ጫፍ ጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። «ንኩት» አልኳቸው። አዛውንቱ ባለሙያ ጋቢውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸት አደረገና «ትሱ» አለ። ወፍራም፣ ሻካራ። ወደ ነጠላው ዞረና «ሺ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኮርስ። ፋይን» አልኩ እኔ በየተራ እያሳየሁ። ከዚያ ተነስቼ ከወጥ ቤቱ የስንዴ ዱቄታቸውንና የእኛን ቂንጬ በሁለት ሰሃን አመጣሁ። ሳልጠይቃቸው «ሺ፣ ትሱ» ማለት ጀመሩ። ከውጭ ደግሞ ሁለት እፍኝ አሸዋ፣ አንዱ ያ ጣጣ ያመጣብን። ያኔ ማንም መዝገበ ቃላት አልከፈተም።

አዛውንቱ ዱቄቱን እየነካ ብዙ አወራ። ትንሹ ተረጎመልኝ። እሱ ልጅ ሳለ እህል በራሽን ነበር። በቆሎው፣ ማሽላው «ትሱ ልያንግ» ይባላል፤ ሻካራው እህል። ሩዝና የስንዴ ዱቄት «ሺ ልያንግ» ነው፤ የላመው እህል። የላመው ጥቂት ስለነበር በዓል ይጠበቅለታል። እኔም የኛን ነገርኳቸው። ድሎት ያለው ሰው «የላመ የጣመ ይበላል» እንላለን። ሙያዋ የሚወደስላት ሴት «ቀጭን ፈታይ» ትባላለች። ክሩን ማቅጠን፣ ዱቄቱን ማላም ልፋት ይጠይቃል። የተለፋበት ነገር ደግሞ የተሻለ ነው። ደቃቁ ከጥሩው ጋር የተዛመደው በዚህ መንገድ ነው። አዛውንቱ ራሱን ነቀነቀ።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው። የ«ፋይን» ፍቺዎች ሰባት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። ቃሉ ከላቲን «ፊኒስ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። ፍጻሜ፣ ዳርቻ ማለት ነው። እስከ መጨረሻው የተሠራ ነገር የጠራ፣ የሠለጠነ ሆነ፤ ከዚያ ቀጭንና ደቃቅ ሆነ። የእኛም አማርኛ እዚያው ሰፈር ነው የሚውለው። ሥራ «ተጠናቀቀ» እንላለን። በደንብ የተሠራውን «ጥንቅቅ ያለ» እንለዋለን። «ጥንቃቄ»ም ከዚያው ሥር ነው። ቻይናውያኑም በ«ሺ» ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። ጠንቃቃ ሰው «ሺ ሺን» ነው፣ ቃል በቃል ልቡ ደቃቅ የሆነ። የሚያስተምር ሰው ይህን ዝምድና ካሳየ ተማሪው የሚሸመድደው ነገር በግማሽ ይቀንሳል።

ዝምድናውን ማወቅ ግን ሳይት ላይ ብቻውን አያድንም። አንድ ሰው «ፋይን» ሲል የትኛውን እንዳለ በምን ይለያል? እኔ ያገኘሁት መንገድ ተቃራኒውን መጠየቅ ነው። የአሸዋ ፋይን ተቃራኒው «ኮርስ» ነው። የሰው ፋይን ተቃራኒው «ሲክ» ነው። የዝናብ ፋይን ተቃራኒው «ሄቪ» ነው። የቀን ፋይን ተቃራኒው ደመና ወይም ዝናብ ነው። ቻይንኛ ለእያንዳንዱ የየራሱ ጥንድ አለው። ለአሸዋው «ሺ» እና «ትሱ»፣ ለሰማዩ «ቺንግ» እና «ዪን»፣ ለጠቅላላ ነገር «ሃዎ» እና «ህዋይ»። ስለዚህ ተማሪው ተቃራኒውን ካገኘ የራሱን ቋንቋ ቃል አገኘ ማለት ነው። «ፋይን ዌዘር» ዝናብ የሌለበት፣ «ፋይን ሬይን» ደግሞ ዝናብ ራሱ መሆኑ ሲገባቸው በጣም ነው የሳቁት። አዛውንቱ «ሺ ዩ!» አለ፤ ካፊያን እነሱም «ደቃቅ ዝናብ» ነው የሚሉት። ለካ ቃሉ ቤታቸው ነበር።

የግንባታ ሰዎች ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በሙያችን አሸዋ ራሱ «ፋይን አግሪጌት»፣ ጠጠር ደግሞ «ኮርስ አግሪጌት» ይባላል። ስለዚህ ሻካራ አሸዋም ቢሆን ስሙ ፋይን አግሪጌት ነው። የአሸዋ ደቃቅነት የሚለካበት ቁጥር ደግሞ «ፋይንነስ ሞዱለስ» ይባላል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ግን አሸዋው ይሻክራል እንጂ አይደቅም። በቻይናው ደረጃ ከ1.6 እስከ 2.2 ያለው «ሺ ሻ» ነው፣ ደቃቅ። ከ2.3 እስከ 3.0 «ጆንግ ሻ»፣ መካከለኛ። ከ3.1 እስከ 3.7 «ትሱ ሻ»፣ ሻካራ። የአሜሪካው ደረጃ አውጪ ድርጅት ኤኤስቲኤም ለኮንክሪት የሚፈልገው ከ2.3 እስከ 3.1 ነው። በጣም የደቀቀ አሸዋ ውሃ ይበላል፤ ውሃ ሲበዛ ኮንክሪቱ ይደክማል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ጭቅጭቅ ሲነሳ ቁጥሩን መጥራት ከሁሉ ይሻላል። ቁጥር በሦስቱም ቋንቋ አንድ ነው።

ከአሸዋው ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የቡናው ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ አቦል ጠጥተን ቶና ሲደርስ እህታችን ሲኒውን ሰብስባ መቅዳት ጀመረች። እኔ አንዱን ቻይናዊ «ሞር ኮፊ?» አልኩት። «ፋይን» አለ ፈገግ ብሎ። ቀደም ሲል አሜሪካውያን ያሉበት መሥሪያ ቤት ስለሠራሁ፣ ምግብ ወይም መጠጥ ሲቀርብ «አይ አም ፋይን» ማለት «በቃኝ» እንደሆነ ነው የማውቀው። «በቃው» አልኳት። በረካም ላይ እንዲሁ ሆነ። ሰውየው ባዶ እጁን እየሳቀ ተቀመጠ። እሱ ያለው «ሃዎ፣ እሺ፣ ቅጂልኝ» ነበር። ያወቅኩት በሳምንቱ ስለዚህ ፍቺ ሳስተምር ነው። «ያን ጊዜ ቡና ያልሰጣችሁኝ ለዚህ ነው?» አለኝ። እንግዳ በቡናችን መሃል ሳይቀዳለት መቅረቱ እስካሁን ይከነክነኛል። እነሱ ሲበቃቸው «ቡ ዮንግ ለ» ይላሉ። «አይ አም ፋይን» ከዚህ ጋር ተያይዞ መሰጠት አለበት፣ «ፋይን» ብቻውን ደግሞ ከ«እሺ» ጋር። መጠጥ በቀረበ ቁጥር «የስ፣ ፕሊዝ» ወይም «ኖ፣ ታንክ ዩ» በሉ ብዬ ነው የጨረስኩት።

ሌላው የቃሉ ቦታ ነው። ብየዳ ተቆጣጣሪው ልጅ አንድ ቀን ሥራውን አሳየኝና እንዴት ነው አለኝ። «ኢት ኢዝ ፋይን» አልኩት። ማታ ለጓደኞቹ አመሰገነኝ ብሎ ሲያወራ ሰማሁ። እኔ ግን ያልኩት «ምንም አይልም፣ ያልፋል» ነበር። «ፋይን ወርክ» ብለው ኖሮ እውነተኛ ምስጋና ይሆን ነበር። ቃሉ ከስሙ በፊት ሲቆም ከፍ ይላል፣ በ«ኢዝ» በኩል ዞሮ ሲመጣ ዝቅ ይላል። በአማርኛ «ደህና»ን አስቡት። «ሥራው ደህና ነው» ስንል መካከለኛ ነው። «ደህና ገንዘብ ያዘ» ስንል ግን ብዙ ነው። ለእነሱ «ሃይ ሺንግ» አልኳቸው፤ «ይሁን፣ ደህና ነው» እንደማለት። ልጁ ቅር ሲለው አይቼ በማግስቱ ሄጄ ብየዳውን ደግሜ አየሁለት። ጥሩ የሆነውን ክፍል ለይቼ «ዚስ ኢዝ ፋይን ወርክ» አልኩት።

አጥሩ ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያም አለ፦ «ኖ ሄልሜት፣ ፋይን 200 ብር»። አዲስ የመጣ ሰው ቆሞ ሲያነብ ቆየና ቆብ ካላደረግሁ 200 ብር ጥሩ ነው ማለት ነው? ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ ቃሉ ቅጣት ነው፣ በእነሱ «ፋ ኳን»። ሥሩ ያው «ፊኒስ» ነው፤ ጉዳይ የሚዘጋበት ክፍያ እንደማለት። ማስታወቂያው ሥር በቻይንኛና በአማርኛ እንዲጻፍ አስደረግን።

ሦስቱ ቋንቋ የሚገጥምበት ጊዜም አለ፣ ያም የራሱ አደጋ አለው። አዲስ አበባ ላይ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ባቡር በእንግሊዝኛ «ላይት ሬይል»፣ በእኛ «ቀላል ባቡር»፣ በእነሱ «ቺንግ ግዌይ» ነው። ሦስቱም «የማይከብድ» ይላሉ። ይህን ስነግራቸው በጣም ወደዱት። ከዚያ በኋላ ግን ላይት ሁሉ «ቺንግ» መሰላቸው። ቀጭን ሻይ «ዳን» ነው፣ ነጣ ያለ ቀለም «ችየን» ነው፣ ላይት ሬይን ደግሞ «ትንሽ ዝናብ» ነው የሚሉት። አንዴ የገጠመ ቃል ሁልጊዜ ይገጥማል ብሎ ማመን ምን እንደሚያስከትል እኔ ከአሸዋው አይቻለሁ። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አልሰጥም። ካርድ ላይ ሁልጊዜ ከጓደኛው ጋር እጽፈዋለሁ፦ «ፋይን ሳንድ»፣ «ፋይን ዌዘር»፣ «ፋይን ወርክ»። ከጀርባው ተቃራኒው አለ እንጂ ትርጉሙ የለም። ትርጉሙን ራሳቸው በቻይንኛ ይጽፉታል።

ሳይት ላይ ደግሞ አንድ ደንብ አወጣን። ስለ ዕቃ ሲሆን «ኢዝ ፋይን» ማለት ቀረ። ጥሩ ከሆነ «ጉድ» ወይም «ኦኬ» ነው። ከደቀቀ «ቱ ፋይን» ነው። «ቱ» ሲገባበት ማንም በ«ሃዎ» አይሳሳትም፣ ጥሩ ነገር በዛ ተብሎ አይመለስምና። የሰማው ሰውም በራሱ አባባል መልሶ ይናገራል። መጀመሪያ ላይ ጊዜ ማባከን ይመስል ነበር። ሦስት አራት ቃላት ናቸው።

ወር ሳይሞላ ሌላ አሸዋ መጣ። ቀድሞ የደረሰው አዛውንቱ ነው። ጎማው ላይ ወጥቶ ሲዘግን፣ በመዳፉ ሲያሽ፣ ቀና ብሎ ሲያየኝ ከሩቅ አየሁት። ስልኬ ጮኸ።

«ላውሽር፣ ዚስ ሳንድ ቱ ፋይን። ኖት ኮርስ። ኖ ጉድ» አለኝ። «ላውሽር» መምህር ማለት ነው።

«ደቃቅ ነው፣ አይራገፍ» አልኩት መልሼ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። «ሃዎ፣ ሃዎ» አለና ለሾፌሩ እጁን አወዛወዘ። ሾፌሩ እያጉረመረመ መኪናውን አዞረ።